በሰሞኔ ያልዋጥኩት ኪኒን

ይህን የምጽፈው ጠዋት ጠዋት ጣታችሁ አልታጠፍ ለሚላችሁ ሰዎች ነው። ጤነኞች ሌላ ነገር አንብቡ። እናንተ «ብርድ ነው፤ ይለቅዎታል» ከማለት በቀር ለእኔ ዓይነቱ ሕመምተኛ ያደረጋችሁት ነገር የለም።

ቄስ ነኝ፤ መምሬ ገላው ይሉኛል። ከገነተ ማርያም ማዶ ባለች አንዲት ትንሽ የማርያም ደብር እቀድሳለሁ። ደብሯ ድሃ ስለሆነች ካህናቱ ሁለት ምድብ ብቻ ነን። አንዱ ምድብ አንድ ሳምንት ሲያገለግል ሌላው ያርፋል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይለዋወጣል። የአገልግሎት ሳምንታችንን ሰሞን እንለዋለን። በሰሞኔ ቤቴ አላድርም፤ ከደብሩ ግቢ አልወጣም፤ ወደ አፌ የሚገባውንም የሚወጣውንም እጠብቃለሁ። የዚህ ታሪክ ሞኝነት ሁሉ ከዚህች ሳምንት ነው የሚነሳው፤ ሞኙም እኔ ነኝ። ግን ከእኔ በፊት ሌሎች ሞኞች አሉ፤ ተራቸውን ይውሰዱ።

ሕመሙ የጀመረኝ ክረምት ሊወጣ ሲል ነው። ጠዋት ስነሳ እጄ የሌላ ሰው እጅ ይመስላል፤ ጣቶቼ አብጠው እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ያድራሉ። የግራው አውራ ጣት ሲያብጥ የቀኙ ይከተለዋል። ፀሐይ ሞቅ ስትል ቀስ እያለ ይላቀቃል። ረፋዱ ላይ ላገኘኝ ሰው ምንም አልሆንኩም፤ ስለዚህ ሰነፍ ተባልኩ። ባለቤቴ ብርቄ ጥምጣሜን ታስርልኛለች፤ ቁልፌን ትቆልፍልኛለች፤ እኔ ደግሞ ቆማ ስትረዳኝ እጮህባታለሁ። አንድ ቀን ጥምጣሙን ከመሃል ላይ ጥላው «እኔን አይቆጡኝ፤ ጣትዎን ያሳበጥኩት እኔ አይደለሁም» ብላኝ ወጣች። ያን ቀን ጥምጣሜ ተንጠልጥሎ ኪዳን ቆምኩ።

የመጀመሪያው ሐኪሜ ወጌሻ ነበር። አገር የሚያመሰግነው ወጌሻ ነው። ገና በር ላይ ሆኖ አየኝና «አጥንት ወጥቷል» አለ። በሁለት እጄ ላይ፣ በአንድ ቀን፣ በተመሳሳይ ጣት ላይ አጥንት እንዴት ሊወጣ እንደቻለ ራሱን አልጠየቀም። ቅቤ ቀብቶ ጎተተኝ። ጮኽኩ። ጩኸቴን ለመዳኔ ምልክት አድርጎ ወሰደውና ደግሞ ጎተተኝ። ለሁለት ሳምንት ማንኪያ መያዝ አልቻልኩም፤ እሱ ግን ከዚያም በኋላ መመስገኑን አላቆመም።

ቀጥሎ ከተማ ወርጄ አንድ የግል ክሊኒክ ገባሁ። ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር የሚባልበት ቤት ነው፤ የሚጠርገውም ሰው ነጭ ነገር ደርቦ ስለነበር መጀመሪያ ለእሱ ነው የተነሳሁለት። ደም ወሰዱ፤ ግማሽ ቀን አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝ፤ ከዚያ «ታይፎይድ ነው፤ ታይፈስም አለ» አሉኝ። ከዚያ ቤት ታይፎይድ ሳይገኝበት የወጣ ሰው አይቼ አላውቅም። ከጎኔ የተቀመጠው እግሩን በመጥረቢያ የመታ ሰውዬ እንኳን ታይፎይድ ተገኝቶበታል። ብርቄ «እኔ ብመረመር ይኖርብኝ ይሆን?» ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ። «ተነሽ እንሂድ፤ አይተውሽም» አልኳት።

ሁለተኛው ክሊኒክ ከመጀመሪያው ይማራል ብላችሁ ካሰባችሁ ተሳስታችኋል። እዚያ ያለው ሰውዬ ጣቴን አገላብጦ አየና «ሪህ ነው። ሥጋ ያቁሙ» አለኝ። ዐቢይ ጾም ከገባ አምስተኛ ሳምንታችን ነበር። ቄስ መሆኔን ጥምጣሜ ይናገራል፤ መስቀሌ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። «አቁሜያለሁ» አልኩት። «ጎሽ! ለውጡን በቅርቡ ያዩታል» አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ደመወዝ ይከፈለዋል።

ሦስተኛው መርፌ የሚወጋው ነው፤ በእሱ ላይ ግን ብዙ መሳለቅ አልችልም፤ ወድጄዋለሁና። ዴክሳ የሚሉትን መርፌ ወጋኝ፤ በማግስቱ እንደ ጎረምሳ ተነሳሁ። ጣቴ ታጠፈ። ጥምጣሜን ራሴ ጠመጠምኩ። ብርቄን ይቅርታ ጠየቅኳት፤ አላመነችኝም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሕመሙ ሲመለስ እኔም ወደ ሰውዬው ተመለስኩ፤ እንዲህ እያልን ብዙ ወራት ተጓዝን። ፊቴ አበጠ፤ ጉንጬ ሞላ። ምእመናን «መምሬ ተመቻቸው» እያሉ ሲያሙኝ እሰማለሁ። መርፌው ሕመሙን ጋርዶ አቆየው እንጂ አልነካውም፤ ከሥር መገጣጠሚያዬ ይበላ ነበር። ይህን ሰውዬው ያውቅ እንደሆነ አላውቅም፤ ካላወቀ ያሳፍራል፤ ካወቀ ደግሞ ይብሳል።

በዓመቱ፣ ከፋሲካ በኋላ በአንዱ እሑድ ሥጋ ወደሙ ፊት ቆሜ ኅብስቱን ስፈትት ጣቴ ከዳኝ። ፍርፋሪ እንኳን መሬት እንዳይነካ ዕድሜ ልካችንን የምንሰለጥንበት ሥራ ነው። ከጣቴ ሲንሸራተት ከጎኔ ያለው ረዳቴ ንፍቅ ቄስ መዳፉን ከሥር ዘረጋና ተቀበለው። መሬት አልነካም። እኔ ግን እስከ ቅዳሴው ፍጻሜ ድረስ ላብ ጀርባዬን ሲያጠምቀው ቆየ።

የደብሩ አለቃ ከቅዳሴ በኋላ ጠሩኝ። ሽማግሌ ናቸው፤ ነገር አያስረዝሙም።

«ገላው፣ አየሁ።»

«ብርድ ነው አባቴ።»

«ብርድ አይደለም። ከሰሞንህ አላወጣህም፤ ታግዛለህ፣ ታነባለህ። ኅብስቱን ግን ሌላ ይፈትት። እስከ ኅዳር ጽዮን ካልዳንክ ከሙጃ ወገን ሌላ ቄስ እናስመጣለን። እኔንም አትቀየመኝ።»

ሃያ ዓመት የቀደስኩበት ቦታ ነው። ሌላ ሙያ የለኝም፤ መሬቱንም የሚያርሰው የብርቄ ወንድም ነው። ያለ መቅደሱ እኔ ማን እንደምሆን አላውቅም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ለማወቅም አልፈለግሁም።

ወደ ከተማው ሆስፒታል የሄድኩት በዚህ ፍርሃት ነው። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ እጄን ጨምቆ አየ፣ ደም አስመረመረ፣ ፎቶ አስነሳ፤ ከዚያ ሩማቶይድ አርትራይትስ የሚባል ነገር ነው አለኝ። በሽታውን ባያቃልልልኝም ታይፎይድ ስላላለኝ ብቻ ልመርቀው ፈለግሁ። ቀጥሎ ግን «ክትትልዎ ከሲስተር እናንዬ ጋር ነው» ብሎ ወደ መጨረሻው ክፍል ላከኝ። ይኸውላችሁ፣ እኔን የሚያህል ካህን ለአንዲት ነርስ ተሰጠሁ።

ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወፍራም መዝገብ፣ አንድ ስልክ። ልጅቱ ሠላሳ ቢሆናት ነው። የእኔ ዓይነት ሕመም ያለባቸውን ሁሉ እሷ ናት የምትይዘው፤ ማን መቼ እንደሚመጣ፣ ማን ምን እንደሚውጥ፣ የማን ደም መቼ እንደሚመረመር ታውቃለች፤ ከበድ ያለ ነገር ሲገጥማት ትልቅ ከተማ ላለ የመገጣጠሚያ ሐኪም ትደውላለች። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ቀን ያየሁት ሳቅ የሌላት ልጅ ብቻ ነው።

«ጠዋት ጣትዎ የሚላቀቀው ስንት ሰዓት ላይ ነው አባ?»

«ወዲያው ነው» አልኩ። ዋሸሁ።

አብራኝ የመጣችውን ብርቄን አየቻት። ብርቄ «ሦስት ሰዓት ያልፋል» አለች። ልጅቱ የብርቄን መልስ ጻፈች። የእኔን አልጻፈችም።

በሽታውን በቀላል ቋንቋ ነገረችን። ሰውነት ከበሽታ የሚጠብቀው ዘበኛ አለው፤ የእኔ ዘበኛ ሌባውን ትቶ የገዛ ቤቱን ይደበድባል፤ መድኃኒቱ ዘበኛውን ያበርደዋል። ሜቶትሬክሴት ይባላል። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ ረቡዕ ማታ፣ ስድስት ፍሬ በአንድ ጊዜ። በማግስቱ ደግሞ አንዲት ቢጫ ኪኒን፤ ፎሊክ አሲድ፤ መድኃኒቱ እንዳይጎዳኝ የምትጠብቀኝ። በየወሩ ደም መመርመር። ጠላም አረቄም የለም። «ኃይለኛ መድኃኒት ነው፤ ከሳምንት አንድ ቀን እንዳያልፍ» ብላ ሦስት ጊዜ ደገመችው። ሦስት ጊዜ በመድገሟ ተናደድኩ። መቶ ሃምሳውን መዝሙረ ዳዊት በቃሌ ለያዝኩ ሰው አንዲት ረቡዕ ሦስት ጊዜ ትነገራለች?

እጄን በሙቅ ውኃ እንዴት እንደማፍታታ አሳየችኝ። የእጅ መስቀሌን እጀታ በጨርቅ ጠቅልላ አወፈረችው፤ ጣቴ ሳይጨነቅ እንዲይዘው። ይህን ሰሞነኞቹ ሲያዩ ሳቁብኝ። እኔም በእሷ ላይ አብሬ ሳቅሁ።

አሁን ወደ ራሴ ሞኝነት እመጣለሁ።

የመጀመሪያዋ ሰሞን ስትደርስ ኪኒኑን ዋጥ ላደርግ ስል እጄ መንገድ ላይ ቀረ። ኃይለኛ ነው ያለችው እሷ ናት። እንዲህ ያለ ነገር ሆዴ ውስጥ ተቀምጦ መቅደስ እንዴት እገባለሁ? ማንንም አልጠየቅሁም። አለቃውን ብጠይቅ መድኃኒት መጀመሬን ያውቃሉ፤ ልጅቱን ብጠይቅ የቤተ ክርስቲያንን ነገር ለነርስ ማስረዳት ነው። ስለዚህ በሰሞኔ ተውኩት። የቀረብኝን ግን መተው አልፈለግሁም። እኛ ዘንድ የሰኞ ዳዊት ያመለጠው ሰው ማክሰኞ ላይ ደርቦ ይደግማል፤ ያለፈ አይቀርም። ኪኒኑም እንዲሁ መሰለኝ። የሁለት ሳምንቱ አሥራ ሁለት ፍሬ ይሆናል፤ አሥራ ሁለቱን በአንዴ መዋጥ ከበደኝ፤ በእረፍት ሳምንቴ ለስድስት ቀን ሁለት ሁለት አድርጌ አከፋፈልኩት። ራሴንም አደነቅሁ። ቢጫዋን ደግሞ «ይቺ ምን ትሠራለች?» ብዬ ተውኳት፤ ትንሽ ስለሆነች ናቅኋት።

ሲስተር እናንዬ በየአሥራ አምስት ቀኑ ሐሙስ ትደውላለች።

«ወስደዋል አባ?»

«ወስጃለሁ።»

እንደ እኔ አቆጣጠር አልዋሸሁም። ለደም ምርመራው ስትጠራኝ ግን ክረምት ነው፣ ጭቃ ነው፣ መኪና የለም አልኩ። ሁለተኛውን ወርም እንዲሁ ዘለልኩት። እሷ ግን መደወሏን አልተወችም፤ እኔ ሳላነሳ ስቀር ብርቄ ታነሳለች። «አብሽሩ፣ መንገዱ ሲደርቅ እልካቸዋለሁ» ስትላት ሰማሁ። ሁለቱ ሴቶች ከኋላዬ እንደሚነጋገሩ ሳውቅ ብርቄን ሦስት ቀን አኮረፍኳት።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ አፌ ቆሰለ። ምላሴ ላይ፣ ከንፈሬ ውስጥ፣ ጉሮሮዬ ድረስ። ውኃ እንኳን ይለበልበኛል። ሰሞኔ ሊገባ በዋዜማው አፌን ስጉመጠመጥ ውኃው ቀይ ሆኖ ወጣ። ድዴ ይደማል። ደም የሚፈሰው ካህን መቅደስ አይገባም፤ ይህን ለማወቅ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልገኝም። ኅብስቱን የተከለከልኩት አንሶ አሁን ከበሩም ተመለስኩ። ለአለቃው ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው ወደ ቅኔ ማኅሌቱ ገቡ። ያን ጊዜ ነው በእውነት የፈራሁት። ኅዳር ሩቅ አልነበረም።

በነጋታው በጭቃው ወረድኩ። መኪና የለም ያለው ሰው ሌላ ሰው ሳይሆን አይቀርም፤ ያን ቀን በአይሱዙ ጭነት ላይ ተሳፍሬ ደረስኩ። በሆዴ የያዝኩት ንዴት ነው። ይቺ ልጅ መርዛኛለች፤ በሕዝብ ፊት ነው የማዋርዳት። ተጠባባቂው ክፍል ሞልቶ ነበር፤ አሮጊት አለች፣ እርጉዝ አለች፣ የታሸገ እግር አለ። በሩ ላይ ቆሜ በቁስል አፌ ጮኽኩ።

«መርዝ ነው የሰጠሽኝ! ሰው ገድለሽ የምትጽፊበት መዝገብ ነው ያለሽ!»

ሕመምተኞቹ ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ። እሷ ወጣች፤ እስክጨርስ ጠበቀች። ከዚያ «አፍዎን ይክፈቱልኝ አባ» አለች። ከፈትኩ። ፊቷ ተለወጠ። ክንዴን ያዘችና ተራ ሳታስጠብቅ ራሷ ወደ ላብራቶሪ ወሰደችኝ፤ ደሜን አስወሰደች፤ ውጤቱ እስኪመጣ አጠገቤ ተቀመጠች። ነጭ የደም ሴሎቼ በጣም ወርደዋል፤ ጥቂት ቀን ብቆይ ኖሮ በትንሽ ጉንፋን እሞት ነበር። ይህን ያለችኝ በቀስታ ነው፤ ተጠባባቂዎቹ እንዳይሰሙ።

የቀረውን ኪኒን ከኪሴ አስወጥታ ቆጠረች። መዝገቧን ገለጠች። ምን ያህል ዋጡ አላለችኝም።

«አባ፣ ሰሞንዎ የትኛዎቹ ሳምንታት ነበሩ?»

ያን ጥያቄ ከእሷ አልጠበቅሁም። የቄስ ልጅ ናት፤ ያን ቀን ነው የነገረችኝ። አባቷ በሰሞናቸው ምን እንደሚበሉና ምን እንደማይበሉ ቤት ውስጥ አይታ አድጋለች። ዋሽቼ ማምለጥ አልቻልኩም። ነገርኳት፤ አሥራ ሁለቱን፣ ሁለት ሁለቱን፣ ዳዊቱን፣ ቢጫዋን፣ ሁሉንም። ቁስሉ ስለሚያመኝ እያንዳንዷ ቃል በሕመም ነው የወጣችው፤ የሚገባኝ ነበር።

መዝገቧን ዘጋች።

«ዳዊት ቢደረብ አይገድልም» አለችኝ። «ይኼ ይገድላል።»

ተኝቼ ታከምኩ። ከአፌ ላይ ቁስሉ እስኪጠፋ አጥሚት ብቻ ነው የጠጣሁት፤ ብርቄ በማንኪያ ታበላኝ ነበር፤ አልተቆጣኋትም፤ አቅም አልነበረኝማ። አልጋው ላይ ሆኜ ሁሉንም አሰብኩ፤ ወጌሻውን፣ የታይፎይዱን ቤት፣ ሥጋ ያቁሙ ያለኝን ሰውዬ። እነዚያ ሁሉ ባለማወቅ ነው የጎዱኝ፤ አይጠይቁም፣ አይማሩም። እኔ ግን የነገሩኝን አውቄ ነው ራሴን የጎዳሁት። ከእነሱ ሁሉ አብልጬ የምንቀውን ሰው እዚያው አልጋ ላይ ተኝቶ አገኘሁት።

ልወጣ ስል ሲስተር እናንዬ ስልኳን አወጣችና የአለቃውን ቁጥር ጠየቀችኝ። ልታጋልጠኝ ነው አልኩ በሆዴ። እኔም እንድሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ደወለች።

«አባቴ፣ ነርስ ነኝ፤ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የሚቀድስ ካህን በሳምንት አንድ ቀን መድኃኒት ቢወስድ ይከለከላል?»

«ቀድሶ ወጥቶ እህል ከቀመሰ በኋላ ማን ይከለክለዋል ልጄ? እግዚአብሔር መድኃኒትን ለማን ፈጠረው? ማነው ይከለከላል ያለሽ?»

አየችኝ።

«ማንም አላለኝም አባቴ። ለማወቅ ያህል ነው።»

ከዚያ የእኔን ረቡዕ ሰረዘችና እሑድ አደረገችው፤ ከቅዳሴ በኋላ፣ እህል ከተቀመሰ በኋላ። ቢጫዋ ለሰኞ ሆነች። እሑዱን እኔ እንድረሳው አልፈቀደችም፤ ኪኒኑን የምታስቀምጠው ብርቄ ናት፤ ቆጥራ የምትሰጠኝ ብርቄ ናት፤ በሰሞኔ ግቢው ድረስ ይዛ መጥታ ስውጥ ቆማ የምታየኝ ብርቄ ናት። ይህም ውርደት ነው ካላችሁ አዎን ነው። ደስ ብሎኝ ተዋርጃለሁ።

ደሜ ተመልሶ ከተስተካከለ በኋላ መድኃኒቱ በትንሹ እንደገና ተጀመረ፤ ቀስ እያለ ጨመረ። በመስከረም ማንኪያ ያዝኩ። በጥቅምት ጥምጣሜን ራሴ ጠመጠምኩ፤ ብርቄ በር ላይ ቆማ አየችና «ጠምሟል» ብላኝ አለፈች። የደም ምርመራዬን አንድም አልዘለልኩም፤ ጭቃ ሲሆን በጭቃው፣ አቧራ ሲሆን በአቧራው። በጠበል ጉዳይ የሚጠይቁኝ አሉ፤ ጠበል እጠመቃለሁ፣ ኪኒንም እውጣለሁ፤ ሁለቱን የሚያጣሉ ሰዎች ሁለቱንም አያውቋቸውም።

እናንተ ጣታችሁ የሚያማችሁ፣ ቁም ነገሬ አጭር ናት። በሁለቱም እጅ የሚያብጥ፣ ጠዋት ሰዓታት የሚያስር ሕመም ካለባችሁ መርፌ ከሚወጋው ሰው ቤት አልፋችሁ ሂዱ። ነርስ ከተሰጣችሁ ደግሞ እውነቱን ንገሯት፤ ሰሞናችሁን፣ ጾማችሁን፣ ጠላችሁን፣ ሁሉንም። የዘለላችሁትን አትደርቡ፤ ጠይቁ። የእኔን አቆጣጠር የሚከተል ካለ ግን እግዚአብሔር ይሁነው፤ እኔ አልረዳውም።

ለኅዳር ጽዮን አለቃው መጥተው እጄን አዩ፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፏቸው። «ግባ» አሉኝ። ኅብስቱን እኔ ፈተትኩ። ንፍቁ ቄስ መዳፉን ከሥር ሊዘረጋ ጀመረና መለሰው።

ለቁርባን የቆመው ሕዝብ ብዙ ነበር። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀርባል። ከሴቶቹ መካከል አንዲት ነጠላ የተከናነበች ፊቴ ደረሰች፤ በመንደራችን ያሉ ሕመምተኞቿን ልታይ መጥታ ኖሯል፤ ሲስተር እናንዬ ናት። አፏን ከፈተች። ቅዱስ ሥጋውን በእነዚያ ጣቶች አቀበልኳት። እሷ ግን ዓይኗን አልጨፈነችም ነበር፤ ጣቶቼን ታያለች።

በማግስቱ ደወለች።

«የቀኙ ሌባ ጣትዎ ገና ጥቂት እብጠት አለው አባ። ረቡዕ ይምጡ።»